ሥነ ጥበብና ሳይንስ በአንድ ጣራ ሥር

በትምህርት ቤት ልማድ ሒሳብና ኬሚስትሪ የሚወድ ተማሪ በአንድ ወገን፥ ሥዕል የሚወድ ደግሞ በሌላ ወገን ይመደባል። የፊተኛው “ሊቅ ይሆናል” ሲባል፥ የኋለኛው “ጊዜውን ያባክናል” ይባላል። እኔ ግን ይህ አከፋፈል ትክክል አይመስለኝም። ለዚህም ምስክር አድርጌ የምጠራው በስድስት ኪሎ፥ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው።

በመጀመሪያ ካህናት በበዓል ቀን በዘንግ ተክለው የሚይዟቸውን መስቀሎች እንመልከት። በብዙዎቹ ላይ ከላይ እስከ ታች በመካከል አንድ መስመር ብናሰምር፥ ግራው የቀኙ የመስተዋት ምስል ሆኖ ይገኛል። ይህም በጂኦሜትሪ ክፍል ሲሜትሪ እየተባለ የምንማረው ነው። ከነሐስ የሚሠራ መስቀል በሰም ሲወጣ ደግሞ፥ አንጥረኛው አስቀድሞ ቅርጹን በሰም ያበጃል፤ በጭቃም ይሸፍነዋል። ጭቃው ደርቆ በእሳት ሲግል ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ሥፍራም የቀለጠው ነሐስ ይፈስበታል። የንብ ሰም በ60 እና በ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ሲቀልጥ፥ መዳብ ግን 1085 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ቲን የሚባለው ማዕድን ሲጨመርበት ከዚያ ባነሰ ሙቀት ይቀልጣል። የቅኔ ሊቃውንት “ሰምና ወርቅ” የሚሉትም ስያሜውን ያገኘው ከዚሁ ከአንጥረኛው ሥራ ነው። እንግዲህ ቅኔውም፥ ጂኦሜትሪውም፥ የሙቀት ትምህርቱም በአንድ መስቀል ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

ቀጥሎ በእንጨት ገበታ ላይ የተሣሉትን ቅዱሳት ሥዕላት እናገኛለን። በእነዚህ ሥራዎች ሠዓሊው እንጨቱን በሙጫ በተለወሰ ጀሶ ይቀባና ቀለሙን ከዚያ በላይ ያሳርፋል። ጀሶ በኬሚስትሪ ቋንቋ ውኃ ያዘለ ካልሲየም ሰልፌት ነው። ሰማያዊው ቀለም በተለይ ብዙ ነገር ይናገራል። ከዕፅዋት የሚወጣ ኢንዲጎ አለ፤ ኮባልት ካለበት መስተዋት ተፈጭቶ የሚገኝ አለ፤ ከብረት ውሁድ የሚሠራ የፕሩሲያ ሰማያዊ የሚባልም አለ። ይህ የመጨረሻው በበርሊን ከተማ የተገኘው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1700 ወዲህ ነው። ስለዚህ በአንድ ሥዕል የመጀመሪያ ቀለም ውስጥ ይህ ከተገኘ፥ ሥዕሉ ከ1434 እስከ 1468 በነገሡት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ተሣለ ለማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ኬሚስቱ ቀለሙ ከምን እንደ ተሠራ ሊነግረን ቢችልም፥ ሠዓሊው የእመቤታችንን መጐናጸፊያ ስለ ምን ሰማያዊ እንዳደረገው ለማወቅ የሥነ ጥበብንና የሃይማኖትን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ይህ ነገር የክርክር ጨዋታ ብቻ አይደለም። ያረጀ ሥዕል በውኃ ቢታጠብ፥ ሙጫው በውኃ የሚላላ ነውና ቀለሙ ከጀሶው ጋር ይነሣል። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኰማተራል፤ ጀሶው ግን አብሮት ሊለጠጥ ስለማይችል ይሰነጠቃል። ብርቱ የፀሐይ ብርሃንም አንዳንዱን ቀለም ያደበዝዛል። በፍቅር ተነሣስቶ ሥዕሉን ያጠበው ወይም አዲስ ቀለም የደረበበት ሰው፥ ያለ ዕውቀት የአባቶችን እጅ ሥራ ያጠፋል። የጠፋውንም ማንም አይመልሰውም። አገራችን በየደብሩና በየገዳሙ ስንት ሥዕል እንዳላት ስናስብ፥ ፍቅርና ዕውቀት አብረው የያዙ ልጆች ምን ያህል እንደሚያስፈልጓት ይገባናል።

ስለዚህ የክፍል ጓደኞቼ የተፈጥሮ ሳይንስን ወይም የማኅበራዊ ሳይንስን መስመር በምትመርጡበት ጊዜ፥ ሁለተኛውን በር ጨርሳችሁ አትዝጉት። ወላጆችም ልጃችሁ እርሳስ ይዞ መስቀል ሲሥል ብታዩት፥ ጂኦሜትሪ እያጠና እንደ ሆነ ቍጠሩለት። ወደ ሙዚየም የሚሄድ ሁሉ በእያንዳንዱ ዕቃ ፊት ሁለት ጥያቄ ይጠይቅ፤ “ምን ይላል?” እና “ከምን፥ እንዴት ተሠራ?” ብሎ። ሁለቱን መልስ ያገኘ ሰው ዕቃውን በሚገባ አየው ማለት ነው።