የካቢኔ መውደቅ የአገር መውደቅ ነውን? ከኢስቶኒያ ታሪክ

ለኅብረተሰብ ትምህርት የማስተማር ልምምድ ስንዘጋጅ «ካቢኔ» የሚለው ቃል ሳያጋጥመን አይቀርም። ተማሪው «ካቢኔ ማለት የሚኒስትሮች ስብስብ ነው» ብሎ ይጽፋል፤ እኛም ራይት አድርገንለት እናልፋለን። ካቢኔው በማን ድምፅ እንደሚቆም፣ ማን እንደሚያወርደው፣ ሲወርድስ አገሪቱ ምን እንደምትሆን የሚጠይቅ የለም። ይባስ ብሎ «ካቢኔ የሚፈራረቅበት አገር ደካማ አገር ነው» የሚለው መልስ ከደብተር ወደ ደብተር እየተገለበጠ ይኖራል። ይህ መልስ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ለማየት በባልቲክ ባሕር ዳር የምትገኘውን ኢስቶኒያን እንውሰድ። ስፋቷ 45 ሺ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሕዝቧም ከአንድ ሚሊዮን ጥቂት ከፍ የሚል ነው። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ሰሌዳ ላይ ስንጽፍም ይህንኑ እንዳንረሳ።)

ኢስቶኒያ ከሩሲያ ግዛት ተለይታ ነጻነቷን ያወጀችው በ1918 ነው። ከዚያ በኋላ ከሶቪየት ሩሲያ ጋር ጦርነት ገጥማ፣ በ1920 በታርቱ ከተማ የሰላም ውል ተፈራረመች። በዚያው ዓመት የጸደቀው ሕገ መንግሥት የዘመናት የዛር አገዛዝ ያስመረራቸው ሰዎች የጻፉት ለመሆኑ ይመሰክራል። ሥልጣኑን ሁሉ ማለት ይቻላል «ሪጊኮጉ» ለሚባለው ባለ 100 መቀመጫ ፓርላማ ሰጠ። ፕሬዚዳንት የለም። የካቢኔው መሪ «ሪጊቫኔም» ይባላል፤ ቃል በቃል «የመንግሥት ሽማግሌ» ማለት ነው። ስሙ ለእኛ ጆሮ አስታራቂ ቢያስመስለውም፣ ሰውዬው ግን በአንድ በኩል የሚኒስትሮች አለቃ፣ በሌላ በኩል የአገሪቱ ተጠሪ ነበር። ፓርላማው በፈለገ ቀን እምነት አጣሁብህ ብሎ ያወርደዋል፤ እሱ ግን ፓርላማውን መበተን አይችልም። ፓርቲዎቹና ካቢኔው ሲጣሉ ከሁለቱም በላይ ቆሞ የሚዳኝ አልነበረም ማለት ነው።

ውጤቱ ምን ሆነ? በ1923 ምርጫ ከአሥር የሚበልጡ ፓርቲዎች መቀመጫ አገኙ። እስከ 1934 ድረስ ወደ ሃያ የሚጠጉ ካቢኔዎች ተፈራረቁ፤ የአንዱ ዕድሜ በአማካይ ዓመት አይሞላም ነበር። እንግዲህ ደብተሩ ልክ ነው ልንል ነው?

ቆይ፣ እነዚያ ካቢኔዎች የሠሩትን ደግሞ እንይ። በ1919 የወጣው የመሬት አዋጅ የባልት ጀርመን ባላባቶችን ሰፋፊ ርስት ለገበሬው አከፋፈለ፤ ይህን በሥራ ላይ ያዋሉት እየወደቁ የሚነሡት ካቢኔዎች ናቸው። በዲሴምበር 1924 የኮሙኒስቶች የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ፣ ተፎካካሪ ፓርቲዎች በዩሪ ያክሶን መሪነት ሰፊ ጥምር ካቢኔ አቋቋሙ። በ1925 ደግሞ አናሳ ብሔረሰቦች የራሳቸውን ትምህርት ቤቶች በራሳቸው ምክር ቤት እንዲያስተዳድሩ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ለእኛ ለመምህራን ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በዚያን ዘመን አውሮፓ እንዲህ ያለ ሕግ ብርቅ ነበር። በ1928 ክሮን የተባለው ገንዘብ ሥራ ላይ ዋለ። ሰዎቹም ቢሆኑ ያው ሰዎች ናቸው፦ ኮንስታንቲን ፔትስ ብቻቸውን አምስት ጊዜ ሪጊቫኔም ሆነዋል። ወንበሩ ይለዋወጣል እንጂ ሥራው አልቆመም።

ችግሩ የመጣው በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ የዓለም የኢኮኖሚ ድቀት የገበሬውን ገበያ በመታ ጊዜ ነው። ሕዝቡ «ጠንካራ ሰው ይምጣልን» አለ። ፓርላማው ራሱ ያቀረባቸው ሁለት የማሻሻያ ረቂቆች በሕዝበ ውሳኔ ወደቁ። ሦስተኛውን ያቀረበው የነጻነቱ ጦርነት ዘማቾች ንቅናቄ ነበር፤ በኦክቶበር 1933 ከ70 በመቶ በላይ ድምፅ አገኘ። በሕዝብ የሚመረጥ፣ ፓርላማ መበተን የሚችል መሪ ይመጣል ተባለ።

ታዲያ የተጠቀመበት ማነው? ምርጫው ሳይደርስ፣ በማርች 12 ቀን 1934፣ በሥልጣን ላይ የነበሩት ፔትስ ከጄኔራል ዮሃን ላይዶኔር ጋር ሆነው የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ። የዘማቾቹን መሪዎች አሰሩ፣ ምርጫውን አስቀሩ፣ በሚቀጥለው ዓመትም ፓርቲዎችን ሁሉ አገዱ። ምክንያታቸው አገሪቱን ከዘማቾቹ አክራሪነት ማዳን ነው የሚል ነበር፤ ይህ ክርክር ዛሬም በታሪክ ጸሐፊዎች መካከል አልተቋጨም። በእኛ አስተያየት ግን ስድስት ወር የተባለው አዋጅ እየተራዘመ ዓመታት መዝለቁ ብቻውን መልስ ይሰጣል። ኢስቶኒያውያን ያን ጊዜ «የዝምታው ዘመን» ይሉታል። ካቢኔው አሁን አይወድቅም፤ ጠያቂም የለውም።

በጁን 1940 የሶቪየት ጦር ሲገባ የፓርቲ ድምፅ ከጠፋ አምስት ዓመት ሆኖ ነበር። ፔትስ ተግዘው በ1956 እዚያው ሩሲያ ሞቱ። በሴፕቴምበር 1944፣ ጀርመን ሲወጣ ቀይ ጦር ሲቃረብ፣ ኦቶ ቲፍ በታሊን አንድ ካቢኔ አቋቋሙ፤ የቆየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ያመለጡት በስደት ሆነው የመንግሥቱን ስም ጠበቁ፤ በኦክቶበር 1992ም ሃይንሪክ ማርክ አደራውን ለአዲሱ ፕሬዚዳንት ለሌናርት ሜሪ አስረከቡ። በዚያው ወር ማርት ላር በ32 ዓመታቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

የ1992ቱ ሕገ መንግሥት ጸሐፊዎች ሁለቱንም ዘመን አስበዋል። ፕሬዚዳንት አለ፣ የሚመርጠው ግን ፓርላማው ነው፤ ሥልጣኑም ውሱን ነው። ካቢኔው አሁንም በፓርላማ ድምፅ ይወድቃል፤ ነገር ግን በምርጫ ሕጉ ከ5 በመቶ በታች ያገኘ ፓርቲ ከመቀመጫ ድልድሉ ውጭ ይሆናል። አንድሩስ አንሲፕ ከ2005 እስከ 2014 መርተዋል፤ በቀድሞው ዘመን የማይታሰብ ነው።

ለክፍል ልምምድ የሚከተለውን እናቀርባለን። በ2023 ምርጫ የሪጊኮጉ 101 መቀመጫዎች እንዲህ ተከፋፈሉ፦ ሪፎርም 37፣ ኤክሬ 17፣ ሴንተር 16፣ ኤስቲ 200 የተባለው ፓርቲ 14፣ ሶሻል ዴሞክራቶች 9፣ ኢሳማ 8። ተማሪዎችን በስድስት ቡድን ከፍለን ቁጥራቸውን እንስጣቸውና 51 የሚሞላ ካቢኔ እንዲመሠርቱ እናድርግ። ከጨረሱ በኋላ፣ በእውነቱ የተጣመሩት ሪፎርም፣ ኤስቲ 200 እና ሶሻል ዴሞክራቶች መሆናቸውን እንንገራቸው። በ2025 ሶሻል ዴሞክራቶቹ ከካቢኔው ወጡ። በምርጫው ቁጥር ሲሰላ የቀሩት ስንት ናቸው? ካቢኔውስ ወደቀ ወይስ ቆመ?