ኤሌክትሮን በድርብርብ ኦክሳይድ ውስጥ እንዴት ይጓዛል?

በደረስጌ ሌሊት፣ በምድጃው ፍምና በደጁ የስሜን ብርድ መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ብዙ ነው። ይህ ልዩነት ለኛ ለተማሪዎች አንድ ጥያቄ ያቀርብልናል፤ ያለ ሞተርና ያለ እንፋሎት ከዚህ ኤሌክትሪክ ማግኘት ይቻላልን?

ይቻላል። ዜቤክ የተባለው ሊቅ በ1821 እ.ኤ.አ. ሁለት ዓይነት ብረቶችን አገናኝቶ አንዱን መገናኛ ቢያሞቅ፣ በአጠገቡ ያለው የኮምፓስ መርፌ ዞረ። ይህም የሆነው ኤሌክትሪክ ተሸካሚዎቹ ከሙቁ ጫፍ ወደ ቀዝቃዛው ስለሚያደሉ ነው።

ችግሩ ግን እዚህ ላይ ነው። ለዚህ ሥራ የሚሆን ነገር ኤሌክትሪክን እንደ ብረት ማሳለፍ፣ ሙቀትን ግን እንደ ሸክላ ማገድ አለበት፤ አለዚያ ሁለቱ ጫፎች ቶሎ እኩል ይሞቃሉ። ብረት ሁለቱንም ያሳልፋል፤ ሸክላ ሁለቱንም ያግዳል።

በ1997 እ.ኤ.አ. ጃፓናዊው ቴራሳኪና ባልደረቦቹ ከሶዲየም፣ ከኮባልትና ከኦክሲጅን በተሠራ ኦክሳይድ ውስጥ ሁለቱን ጠባይ ለማስማማት የሚያስችል መንገድ አገኙ። ይህ ኦክሳይድ ድርብርብ ነው፤ የኮባልትና የኦክሲጅን ንጣፍ ከሶዲየም ንጣፍ ጋር ይፈራረቃል። የስሜንን አምባዎች እናስብ። መንገደኛ በአምባው ሜዳ ላይ እንደ ልቡ ይሄዳል፤ ገደሉን ወርዶ ወደ ሌላው መሻገር ግን ያደክመዋል። ኤሌክትሮንም በኮባልቱ ንጣፍ ላይ በቀላሉ ይጓዛል፤ ከንጣፍ ወደ ንጣፍ ለመሻገር ግን ይቸገራል። በሶዲየሙ ንጣፍ ደግሞ ግማሹ ቦታ ባዶ ነው፤ አተሞቹ ያለ ሥርዓት ስለተበተኑ ሙቀትን የሚያደርሰው መንቀጥቀጥ እዚያ ይሰናከላል።

ቮልቱስ ከወዴት ይመጣል? ከኮባልቱ አተሞች አንዳንዱ 3፣ አንዳንዱ 4 ኤሌክትሮን የጎደለው ነው። ኤሌክትሮን ከባለ 3ቱ ወደ ባለ 4ቱ ሲዘል፣ ጉድለቱ በተቃራኒው ይሄዳል። ባለ 3ቱ ኤሌክትሮኖቹን የሚያሰናዳበት መንገድ አንድ ብቻ ሲሆን የባለ 4ቱ ግን 6 ነው። ስለዚህ ጉድለቱ በተዛወረ ቁጥር ኤንትሮፒ ተሸክሞ ይሄዳል፤ ወደ ብርዱ ጫፍም ስለሚያደላ ያ ጫፍ ፖዘቲቭ ይሆናል። ሁለቱ ዓይነቶች እኩል ሲሆኑ ስሌቱ ለአንድ ዲግሪ 154 ማይክሮቮልት ይሰጣል፤ በተራ የክፍል ሙቀት የተለካው 100 ያህል ነው።

እንግዲህ እናስላ። የ200 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር አንዱ ስባሪ 20 ሚሊቮልት ይሰጣል፤ 100 ስባሪዎች በሽቦ በተከታታይ ቢያያዙ 2 ቮልት ይሆናል። ወደ ኤሌክትሪክ የሚለወጠው ከሙቀቱ በመቶ ጥቂቱ ብቻ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ማገዶው አስቀድሞ ለእንጀራ የነደደ ነው፤ ከጭሱ ጋር ከሚባክነው ሙቀት አንዲት ትንሽ መብራት ብትገኝ፣ በብርሃኗ ለሚያጠና ልጅ ጥቂት አይደለችም።