የከነናዊቷ ልመና

ትሕትናና ጽናት የማይስማሙ ጠባዮች ይመስሉናል። ትሑት ሲከለክሉት ዝም ብሎ የሚመለስ፣ ጽኑ ደግሞ ካልሰጡት ከደጅ የማይነሣ ነው እንላለን። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የምናገኛት ከነናዊት ሴት ግን ሁለቱንም ይዛ መጣች፤ እንዲያውም ያጸናት ትሕትናዋ ይመስለኛል።

ነገሩ የሆነው በጢሮስና በሲዶና አገር ነው። ማርቆስ ሴቲቱን በትውልዷ ሲሮፊኒቃዊት ይላታል፤ ለአይሁድ ባዕድ ናት ማለት ነው። ልጇ በርኩስ መንፈስ ተይዛባታለች። ማረኝ ብላ ስትጮኽ ጌታ ዝም ይላታል። ደቀ መዛሙርቱም ጩኸቷ ሰልችቷቸው አሰናብታት ይሉታል። የተላከው ለጠፉት የእስራኤል በጎች እንደ ሆነ ይናገራል። ቀርባ ስትሰግድለት ደግሞ ከሁሉ የከበደው ይመጣል፤ የልጆች እንጀራ ለቡችሎች እንደማይጣል ትሰማለች።

መልሷን ቀስ ብለን እንየው። ተሰደብኩ ብላ አልተቀየመችም፤ የተባለችውን ተቀበለችና እዚያው ንግግር ውስጥ ለልመናዋ መግቢያ አገኘች። ቡችላም እኮ ከጌቶቹ ማዕድ የሚወድቀው ፍርፋሪ ይደርሰዋል! የልጆቹን ድርሻ አልተሻማችም፤ ፍርፋሪው ልጇን እንደሚያድናት ግን አልተጠራጠረችም። ትዕቢተኛ ቢሆን ገና በመጀመሪያው ዝምታ ተቀይሞ በሄደ ነበር። ራሱን የሚንቅም ሰው (ይህን ትሕትና የምንል አለን) አፉን ሳይከፍት ይመለሳል። እሷ ያየችው የሚለመነውን ቸርነት እንጂ የራሷን ማንነት አልነበረም። ጌታም እምነቷን ታላቅ አለው። አንድ ምዕራፍ ቀደም ብሎ፣ በባሕሩ ላይ መስጠም የጀመረውን ጴጥሮስን ስለ እምነቱ ማነስ ወቅሶት ነበር።

ኦርቶዶክሳዊው ምእመን 41 ጊዜ ኪርያላይሶን ሲል የሚደግመው ይህንኑ የምሕረት ልመና ነው። ይሁን እንጂ መደጋገሙ እግዚአብሔርን ማስገደጃ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲለየው ሦስት ጊዜ ለምኗል፤ መውጊያው አልተነሣለትም፣ የሚያስችለው ጸጋ ተሰጠው እንጂ። እምነቱ ከሴቲቱ አንሶ ነው የሚል ደፋር ያለ አይመስለኝም።