ትንሽ መሥመርና ሰፊ ባሕር

በምድር ላይ የሚሄድ መንገደኛ ተራራውን አይቶ፥ ወንዙን ተሻግሮ፥ ሰውንም ጠይቆ ካሰበበት ይደርሳል። በባሕር መካከል ግን ተራራ የለም፤ የሚጠየቅም ሰው የለም። ስለዚህ መርከበኛ ዓይኑን ወደ ሰማይ ያነሣል። ሴክስታንት በሚባል መሣሪያ ፀሐይ ወይም ኮከብ ከአድማስ በላይ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ይለካል፤ ሰዓቱንም ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ያለበትን ስፍራ ለማወቅ ብዙ ቍጥር ማባዛት አለበት፤ ይህም ሥራ ቀድሞ እጅግ አድካሚ ነበረ።

እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1614 ዓመተ ምሕረት ጆን ኔፒየር የሚባል የስኮትላንድ ሰው ሎጋሪትም የተባሉትን ቍጥሮች አሳተመ። በእነዚህ ቍጥሮች ማባዛት ወደ መደመር ይለወጣል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኤድመንድ ጉንተር የሚባል እንግሊዛዊ ቍጥሮቹን በርዝመት ለክቶ በመሥመር ላይ አኖራቸው። ዊልያም ኦትሬድም እንዲህ ያሉ ሁለት መሥመሮችን ጎን ለጎን አድርጎ አንዱን በሌላው አጠገብ አንሸራተተ። ተንሸራታች የሒሳብ መለኪያ የሚባለው ይህ ነው።

አሠራሩን ተማሪ በወረቀት ሊፈትነው ይችላል። ሁለት ቀጭን ወረቀቶች ይቈረጣሉ። በእያንዳንዱ ጠርዝ 100 ሚሊሜትር ይለካል፤ በመጀመሪያው ጫፍ 1፥ በመጨረሻው ጫፍ 10 ይጻፋል። ከመጀመሪያው ጫፍ ተቈጥሮ በ30 ሚሊሜትር 2፥ በ48 ሚሊሜትር 3፥ በ60 ሚሊሜትር 4፥ በ70 ሚሊሜትር 5፥ በ78 ሚሊሜትር 6፥ በ90 ሚሊሜትር 8 ይጻፋል። ከዚህ በኋላ የታችኛው ወረቀት 1 ከላይኛው ወረቀት 2 ጋራ ትክክል ይደረጋል። ያን ጊዜ በታችኛው 3 ፊት ለፊት በላይኛው 6 ይገኛል፤ ሁለት ጊዜ ሦስት ስድስት ነውና። 30 እና 48 ተደምረው 78 ሆነዋል። ለሰማይ ሒሳብ ደግሞ የማዕዘኖች ልክ በዚሁ ሥርዓት ተሰልቶ ይሠመራል።

ነገር ግን አጭር መሥመር ብዙ ጭረት አይችልም፤ ረጅም መሥመርም በእጅ አይያዝም። ከ1914 እስከ 1918 ከተደረገው ጦርነት በኋላ ባይግሬቭ የተባለ እንግሊዛዊ ሻምበል ለዚህ መላ አገኘ። ፈትል በእንዝርት ላይ እንደሚጠመጠም፥ ረጅሙን መሥመር በክብ ቱቦ ላይ ጠመጠመው።

በ1931 ፍራንሲስ ቺቸስተር ብቻውን በትንሽ አውሮፕላን ከኒው ዚላንድ ወደ አውስትራልያ ሲበር ይህን መለኪያ ይዞ ነበረ። በመንገዱ ላይ የሚያርፍባት የኖርፎክ ደሴት ርዝመቷ 8 ኪሎሜትር ያህል ብቻ ነው። ቢያጣት ቤንዚኑ ያልቃል፤ ከበታቹም ውኃ ብቻ ነው። በቀጥታ ወደ ደሴቲቱ ሄዶ ባያገኛት፥ ወደ ቀኝ ይዙር ወይስ ወደ ግራ፥ አያውቅም። ስለዚህ ዐውቆ ከደሴቲቱ ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ በረረ። አውሮፕላኑን እየነዳ ፀሐይን ለካ፤ በመለኪያውም አሰላ። ሒሳቡ ከደሴቲቱ ትይዩ መድረሱን ባመለከተው ጊዜ ዞረ፤ ደሴቲቱንም አገኛት።

በፀሐይ ከፍታ ላይ አንድ ደቂቃ፥ ማለት የአንድ ዲግሪ 60ኛ ክፍል፥ የተሳሳተ ሰው በባሕር ላይ 1852 ሜትር ይስታል። 10 ደቂቃ ቢሳሳት ከ18 ኪሎሜትር በላይ ይስታል። ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ የአንዲት ትንሽ ጭረት መዛነፍ ነው።

መሥመሩን የሚያሠምር ሰው በጠረጴዛው ፊት በሰላም ተቀምጦ ይሠራል፤ በመሥመሩ የሚታመነውን መንገደኛ ፊቱን አያይም። ማንም አያየኝም ብሎ አንዲቱን ጭረት ቢያዛንፍ፥ ጉዳቱ በርሱ ላይ ሳይሆን በሩቅ ባለ ሰው ላይ ይወድቃል። ዛሬ በሰማይ የሚዞሩ ሳተላይቶች ለመርከበኛ ስፍራውን ይነግሩታል፤ ሆኖም ዛሬም ይህን መለኪያ በወረቀት ላይ አሠምረው የሚሠሩ ሰዎች አሉ። የእነርሱም ሥራ ያው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

በደብተሩ ላይ መሥመሩን አቅንቶ የሚያሠምር ልጅ፥ ነገ ሰው የሚታመንበትን ሥራ ይሠራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። የፈሰሰ እህልስ ይለቀማል፤ በባሕር ላይ የጠፋ ሰው ግን አይለቀምም።