ሳንባ እንዴት ያድጋል?

ውኃ እየጠጣችሁ ጓደኛችሁ ሲያስቃችሁ ትን ብሏችሁ ያውቃል? ትንታ የሚመጣው አየርና ምግብ በጉሮሮ በኩል አንድ መተላለፊያ ስለሚጋሩ ነው። ለምን እንደሚጋሩ ለማወቅ በእናታችን ማኅፀን ወደነበርንበት ጊዜ እንመለስ።

ሀ. ሳንባ ከምን ይነሣል?

ፅንሱ አራት ሳምንት ገደማ ሲሆነው፣ የምግብ ቧንቧ ከሚሆነው ክፍል በፊት ለፊቱ በኩል አንዲት ትንሽ እንቡጥ ትወጣለች። እንቡጧ ወደ ታች እያደገች ለሁለት ትከፈልና የቀኝና የግራ ሳንባ መነሻ ትሆናለች። በመካከል ግድግዳ ተሠርቶ የአየር ቧንቧውና የምግብ ቧንቧው ይለያያሉ፤ ከላይ በጉሮሮ በኩል ግን መንገዱ የጋራ እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ ስንውጥ የማንቁርት ክዳን የአየሩን መግቢያ ይሸፍናል። እየዋጥን ከሳቅን ወይም ካወራን መግቢያው ስለሚከፈት ትን ይለናል።

ለ. የአየር መንገዱ ቅርንጫፎች

የአየር ቧንቧ ደረት ውስጥ ሲደርስ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይከፈላል። የቀኙ ሳንባ 3 ክፍሎች ሲኖሩት የግራው 2 ብቻ አሉት፤ ልብ ወደ ግራ ስላጋደለ ቦታ ይሻማዋል። የቀኙ ቅርንጫፍ ሰፋና ቀጥ ያለ በመሆኑ፣ ሕፃን ልጅ ኦቾሎኒ ትን ሲለው ብዙውን ጊዜ የሚገባው ወደ ቀኝ ነው። ቅርንጫፎቹ 23 ጊዜ ያህል ከተከፋፈሉ በኋላ አልቪዮላይ በሚባሉ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ያበቃሉ። እዚያ ኦክስጅን ወደ ደም ይገባል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ይወጣል። የአዋቂ ሰው ከረጢቶች ከ300 ሚሊዮን አያንሱም፤ ቢዘረጉ 70 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ማለትም የአንድ ሰፊ መማሪያ ክፍል ወለል ይሸፍናሉ።

ሐ. የመጀመሪያው ትንፋሽ

ፅንስ ኦክስጅን የሚያገኘው በእንግዴ ልጅና በእትብት በኩል ነው፤ ሳንባው በፈሳሽ የተሞላ ነው። ሲወለድ ፈሳሹ ለአየር ቦታ ይለቃል። የረጠበ ፌስታል ለመክፈት ሞክራችሁ ከሆነ፣ ግድግዳው እርስ በርሱ እንደሚጣበቅ አይታችኋል። የሳንባ ከረጢቶች እንዲህ እንዳይጣበቁ የሚያደርገው ሰርፋክታንት የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ሳንባ ይህን ማምረት የሚጀምረው በ24ኛው ሳምንት ገደማ ሲሆን፣ በቂ የሚሆነው ግን በ35ኛው ሳምንት አካባቢ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1959 ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጄር ሚድ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ትንፋሽ የሚያሳጥረው የዚህ ንጥረ ነገር እጥረት መሆኑን አሳዩ። በ1963 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የጆን ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ በዚሁ ሕመም ሁለት ቀን ሳይሞላው ሞተ፤ መድኃኒቱ ገና አልተገኘም ነበርና የአባቱ ሥልጣን አላዳነውም። በ1980 ጃፓናዊው ሐኪም ፉጂዋራ ሰርፋክታንት በሕፃናት ሳንባ ውስጥ በመጨመር ሕይወት ማዳን እንደሚቻል አሳየ።

«የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ወር ግን አያድግም» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ከላይ ያየነው እንደሚያስረዳው ይህ ስሕተት ነው፤ ፅንሱ በማኅፀን የሚቆይበት እያንዳንዱ ሳምንት ለሳንባው ትርፍ ነው።

መ. ዕድገቱ አላበቃም

አዲስ የተወለደ ሕፃን ያሉት የአየር ከረጢቶች ከአዋቂ ሰው በጣም ያነሱ ናቸው። አብዛኞቹ የሚሠሩት ከተወለደ በኋላ በልጅነቱ ነው። ስለዚህ የከሰልና የሲጋራ ጭስ ልጅን ሲያገኘው የሚጎዳው ገና በመሠራት ላይ ያለ ሳንባ ነው። ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ ደግሞ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ይህ ጋዝ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል።

እንግዲህ ዛሬ ቤት ስትገቡ ምድጃው የት እንዳለ ተመልከቱ። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል፤ ሲበሰል መስኮት ይከፈት፤ የጋለ ምድጃ መኝታ ክፍል አይደር። ለታናናሾቻችሁ ሳንባ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም።

የክለሳ ጥያቄዎች
1. ትን የሚለን ለምንድን ነው?
2. የግራው ሳንባ ከቀኙ ለምን ያንሳል?
3. ሰርፋክታንት ያነሰው ሕፃን ለመተንፈስ የሚቸገረው ለምንድን ነው?