ቴቺማን ውስጥ በመጠነኛ ሆቴል ማደር፦ ክፍል ከመያዝ እስከ ሂሳብ መዝጋት

ቴቺማን ከኩማሲ በስተሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የጋና የእርሻ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2019 የተቋቋመው የቦኖ ኢስት ክልል ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከኩማሲ፣ ከሱንያኒ፣ ከዌንቺና ከታማሌ የሚመጡት መንገዶች እዚህ ይገናኛሉ። ገበያዋ በምዕራብ አፍሪካ ስመ ጥር ነው። የአካባቢው ገበሬ ያም (በደቡብ ኢትዮጵያ ቦዬ የሚባለው)፣ በቆሎ፣ ቲማቲምና ካሹ ያመርታል፤ ገዢው ደግሞ ከአክራና ከኩማሲ አልፎ ከቡርኪና ፋሶ፣ ከኒጀርና ከማሊ ድረስ ይመጣል።

ለእህል ንግድ፣ ለጥናት ወይም ለድርጅት ሥራ ወደዚያ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ የሚያድረው አብዛኛውን ጊዜ በመጠነኛ ሆቴል ወይም ጌስት ሃውስ ነው። እነዚህ ቤቶች ንጹሕና ሰላማዊ ሌሊት ሊሰጡ ይችላሉ። ተመሳሳይ ዋጋ ከከፈሉ ሁለት እንግዶች አንዱ በደንብ ተኝቶ ሌላው ሲገላበጥ የሚያነጋው፣ አንደኛው የመጣበትን ቀን አስቦ ስለመረጠና ከመክፈሉ በፊት ክፍሉን በእጁ ስለፈተሸ ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ከእነዚህ ከሁለት ነገሮች ይነሳል።

ቀኑን ይምረጡ

በእርሻ ከተማ የሆቴል ክፍል የሚሞላውና የሚለቀቀው በገበያና በለቅሶ ነው። የቴቺማን ገበያ በተለይ ከረቡዕ እስከ ዓርብ ይደምቃል። ነጋዴዎቹ ከዋዜማው ጀምረው ስለሚገቡ፣ ማክሰኞ ማታ ያለ ቀጠሮ የደረሰ እንግዳ ከመናኸሪያው አጠገብ ያለውን፣ ሌላው ሰው ያልፈለገውን ክፍል ነው የሚያገኘው።

ገበያው ሲያበቃ ደግሞ ቅዳሜ ይመጣል። በአካባቢው በሚኖረው በአካን ሕዝብ ዘንድ የቀብር ሥርዓት በአብዛኛው ቅዳሜ ይፈጸማል፤ እሑድ የምስጋና ጸሎት ይደረጋል። ሟቹ ትልቅ ሰው ከሆነ ዘመድ ወዳጁ ከአክራም ከኩማሲም በአውቶቡስ ተጭኖ፣ ጥቁርና ቀይ ለብሶ ይመጣል፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንድ ቤተሰብ ሙሉ ሆቴል ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ የሚመቸው ቀን እሑድ ማታ ወይም ሰኞ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ አካባቢ የሚከበረው የአፖ በዓልም ከተማዋን ያጨናንቃል። ጉዞዎ በዚያ ሰሞን ከሆነ ቀደም ብለው ስልክ ይደውሉና ቀኑን ያረጋግጡ፤ ከመድረስዎ አንድ ቀን በፊት ደግሞ እንደገና ይደውሉ። በትንንሽ ሆቴሎች በስልክ የተያዘ ክፍል ቀድሞ ገንዘብ ይዞ ለመጣ ሰው ሊሰጥ ስለሚችል ሁለተኛዋ ጥሪ አስፈላጊ ናት።

ወቅቱም የክፍሉን ዓይነት ይወስናል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ከሰሃራ የሚነሳው ሃርማታን የሚባለው ደረቅ ነፋስ አቧራ ይዞ ይመጣል፤ ሌሊቱ ግን ስለሚቀዘቅዝ ቬንቲሌተር ያለው ክፍል ይበቃል። በመጋቢት ሙቀቱ ከባድ ነው፤ ያኔ ለኤሲ ተጨማሪ መክፈል ያዋጣል።

ከቤት ሳይወጡ

የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት፤ ጋና ሲገቡ ካርዱን ይጠየቃሉ። ስለ ወባ መከላከያ መድኃኒት ደግሞ ሐኪም ያማክሩ። ይህን በተለይ ለአዲስ አበባና ለደጋ ነዋሪ እላለሁ። ወባ በሌለበት ያደገ ሰው ሰውነቱ በሽታውን አያውቀውም፤ ጋና ውስጥ በብዛት የሚገኘው ፋልሲፓረም የሚባለው፣ ፈጥኖ የሚከብደው ዓይነት ነው። መድኃኒቱ ከጉዞው በፊት ተጀምሮ፣ እንደ ዓይነቱ ከተመለሱ በኋላ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ይቀጥላል።

ሻንጣ ውስጥ የሚገቡ ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ የራስዎ አጎበር ከነገመዱ፣ በግንባር የሚታሰር ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ ትንሽ ቁልፍ፣ ኦአርኤስ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት። የጋና ሶኬት ሦስት አራት ማዕዘን ጥርስ ያለው የእንግሊዝ ዓይነት ስለሆነ፣ በሁለት ክብ ጥርስ ለምንሠራው ለእኛ አዳፕተር ያስፈልጋል። ቡና ለለመደ ሰው ደግሞ የተፈጨ ቡና ይዞ መሄድ ይበጃል፤ በእነዚህ ሆቴሎች ቁርስ ላይ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ሻይ ወይም በሙቅ ውሃ የሚበጠበጥ ቡና፣ ዳቦና እንቁላል ነው።

ሳይመሽ ይድረሱ

ከአክራ እስከ ኩማሲ በአውሮፕላንም በአውቶቡስም መሄድ ይቻላል። ከኩማሲ ወደ ቴቺማን ትሮትሮ የሚባሉ ሚኒባሶች አሉ፤ የሚነሱት ሲሞሉ ስለሆነ ሰዓት ቆጥሮ መያዝ አይቻልም፤ ጠዋት መነሳት ነው። ፀሐይዋ በእኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት አካባቢ ስለምትጠልቅ፣ ከ10 ሰዓት በፊት ቢገቡ ክፍሉን በቀን ብርሃን ያዩታል፤ ካልወደዱትም ሌላ ለመፈለግ ጊዜ ይተርፍዎታል።

ስለ ሰዓት ካነሳን፣ ጋና ከኢትዮጵያ 3 ሰዓት ወደኋላ ናት፤ አቆጣጠሩም የፈረንጅ ነው። «ክፍሉን በ12 ይለቃሉ» ከተባሉ እኩለ ቀን፣ ማለትም በእኛ 6 ሰዓት ነው። «መኪናው በ6 ይነሳል» ካሉ ደግሞ በእኛ ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። በዚህ ተሳስቶ መኪና ያመለጠው ወይም የተጨማሪ ቀን ሂሳብ የተጠየቀ ሰው ጥቂት አይደለም። ጧት ወይስ ማታ፣ ቀን ወይስ ሌሊት ብለው ያረጋግጡ።

መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ ክፍል

እንግዳ መቀበያው ላይ ሲደርሱ ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት ሰላምታ ይስጡ። እንደ እኛው አገር ሁሉ፣ ሰላም ሳይል ጉዳዩን የሚናገር ሰው እንደ ባለጌ ይታያል። በአካባቢው ቋንቋ ጠዋት «ማቺ»፣ ከሰዓት «ማሃ»፣ ማታ «ማጆ» ይባላል፤ ምስጋና «ሜዳሲ» ነው። በዕድሜ ጠና ያለችዋን ሴት «አንቲ»፣ ወጣቷን «ሲስተር» ብሎ መጥራት የተለመደ አክብሮት ነው። ገንዘብም ሆነ ፓስፖርት ሲሰጡ በቀኝ እጅ ይስጡ፤ ግራ እጅ እዚያ ስድብ ነው።

ከዚያ ክፍል ለማየት ይጠይቁ። ማንም አይቀየምዎትም። የሚጠየቁት ቬንቲሌተር ወይስ ኤሲ፣ መታጠቢያውና ሽንት ቤቱ ክፍሉ ውስጥ ወይስ የጋራ የሚል ነው። ቁልፉን ተቀብለው ሲገቡ ሻንጣዎን ኮሪደር ላይ ያስቀምጡ፤ ሻንጣ አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ ሰው ክፍል ለመቀየር ይሰንፋል።

በመስኮቱ ይጀምሩ። የእነዚህ ቤቶች መስኮት ብዙ ጊዜ አግድም የተደረደሩ የመስታወት ቅጠሎች አሉት፤ ከኋላው ከእንጨት ክፈፍ ጋር የተመታ የትንኝ ወንፊት አለ። ወንፊቱን መሃሉን አይዩት፤ መሃሉ ሁልጊዜ ደህና ነው። ጣትዎን በክፈፉ ዙሪያ ያስኪዱትና ማዕዘኖቹን ጫን ጫን ያድርጉ። ምስማሩ የለቀቀበት፣ ጣት የሚያሾልክ ቀዳዳ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ በታችኛው ማዕዘን ወይም የቀድሞ እንግዳ ሽቦ ባሳለፈበት በኩል ነው። ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ በፕላስተር ይደፈናል፤ ወንፊቱ ተቀዶ የተንጠለጠለ ከሆነ ሌላ ክፍል ይጠይቁ። በተለይ ጣሪያው ላይ አጎበር የሚሰቀልበት ሜንጦ ከሌለ ይህን ችላ አይበሉ።

ቀጥሎ አልጋው። አንሶላውን ከራስጌ በኩል ገልጠው የፍራሹን ስፌት በባትሪ ይዩ፤ ትኋን ካለ ስፌቱ ላይ እንደ ተፈጨ ቁንዶ በርበሬ የተበተኑ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ይታያሉ። ያንን ካዩ ስለ ቅናሽ መነጋገር አያስፈልግም፤ ከዚያ ክፍል ይውጡ።

ከዚያ ቧንቧውን ይክፈቱ፣ ሽንት ቤቱን ይልቀቁ፣ መታጠቢያውን ያስጀምሩ። ውሃ ካልመጣ «ቆይቶ ይመጣል» የሚለውን መልስ አይቀበሉ፤ ሮቶ እንዳላቸውና ዛሬ መሞላቱን ይጠይቁ። ሮቶውን እዚያ ፖሊታንክ ይሉታል። የሙቅ ውሃ ማሽን ከሌለ ከሰዓት በኋላ፣ ሳይመሽ ይታጠቡ፤ ጥቁሩ ሮቶ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ስለሚመታው ውሃው ያኔ ለብ ይላል። ባልዲና ጣሳ መኖሩንም ይዩ።

በመጨረሻ ቬንቲሌተሩን በሙሉ ፍጥነት ያስነሱ፤ የሚንቀጠቀጥና የሚንቋቋ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ይሰሙታል። ሶኬቶቹን በስልክዎ ቻርጀር ይሞክሩ። በሩን ከውስጥ ዘግተው መቀርቀሪያውን ይሳቡ። መብራት ሲጠፋ (እዚያ ዱምሶር ይባላል) ጄኔሬተር ይነሳ እንደሆነ፣ ከተነሳም ስንት ሰዓት ላይ እንደሚጠፋና ኤሲውን ጭምር ያሠራ እንደሆነ ይጠይቁ። ኤሲውን የማይሸከም ጄኔሬተር ባለበት ቤት የኤሲ ክፍል ዋጋ መክፈል ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሙቀቱ እንዲያውም ይብሳል፤ የኤሲ ክፍል መስኮት አንዳንዴ የተደፈነ ነውና።

ክፍሉ ከመንገድ ዞር ያለ ይሁን። በመከር ወራት፣ አዲሱ ያም ከነሐሴ ጀምሮ ሲወጣ፣ የጭነት መኪኖች ሌሊት ይጫናሉ። ያሙ የሚሸጠው በመቶ ስለሆነ ሰዎቹ ፍሬውን አንድ በአንድ ከእጅ ወደ እጅ እያሻገሩ፣ ጮክ ብለው እየቆጠሩ ነው የሚጭኑት። በአቅራቢያው ሙዚቃ የሚያጫውት መጠጥ ቤት ወይም ሌሊት የሚጸልይ ቤተ ክርስቲያን መኖሩንም ይጠይቁ፤ እንግዳ ተቀባዩ በቀጥታ ከተጠየቀ እውነቱን ይናገራል።

አንድ ሌሊት ብቻ ይክፈሉ

ክፍያ ብዙ ጊዜ ቅድሚያ ነው። ሦስት ቀን ለመቆየት ቢያስቡም የመጀመሪያውን ሌሊት ብቻ ከፍለው በማግሥቱ ያራዝሙ። በገበያ ሰሞን ግን ክፍሉ እንዳይሰጥብዎ ለቀጣዩ ቀን ቀብድ ይተዉ። ዶላር አክራ ወይም ኩማሲ ላይ በባንክ ወይም ፈቃድ ባለው መመንዘሪያ ይመንዝሩ፤ እዚህ የሚያስፈልገው የጋናው ገንዘብ ሲዲ፣ ያውም በትንንሽ ኖቶች ነው። የአገሬው ሰው በስልክ የሚላክ ገንዘብ፣ በተለይም የኤምቲኤን ሞሞን አጥብቆ ይጠቀማል።

ሂሳብ የሚያወራርድ የመሥሪያ ቤት ተጓዥ ደረሰኙን በመጀመሪያው ቀን ይጠይቅ። ስም፣ ቀን፣ የሌሊት ብዛት፣ ማኅተም ይኑርበት። ስለ ደረሰኝ መውጫው ሰዓት ላይ ሲጠየቅ ደብተሩን የያዘው ሰው አለመኖሩ የተለመደ ነው።

መብላትና መጠጣት

የቧንቧ ውሃ አይጠጡ፤ ጥርስዎንም በታሸገ ውሃ ይቦርሹ። በየሱቁ ግማሽ ሊትር የሚይዝ ላስቲክ ውሃ ይሸጣል፤ «ፒዩር ዎተር» ይሉታል። 30 ላስቲክ የያዘው ጥቅል ርካሽ ስለሆነ ገዝተው ክፍልዎ ያስቀምጡ። ላስቲኩን ከመቅደድዎ በፊት ማዕዘኑን ያጥቡት፤ አፍዎ የሚነካው እሱን ነው።

ሆቴሉ ምግብ ቢኖረውም እኔ የምመክረው ቾፕ ባር የሚባሉትን የሠፈር ምግብ ቤቶች ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ሰው የሞላበትን ይምረጡ፤ ምግቡ ትኩስ የሚሆነው እዚያ ነው። ጓሮው ውስጥ ሁለት ሰዎች ፉፉ ይወቅጣሉ፦ አንዱ ቆሞ ረጅሙን ዘነዘና ያወርዳል፣ ሌላዋ ተቀምጣ በእያንዳንዱ ምት መሃል ሊጡን በእርጥብ እጇ ትገለብጣለች። ፉፉ ካሳቫና ፕላንቴይን (በስሎ የሚበላ የሙዝ ዓይነት) ወይም ያም ተቀቅሎ የሚወቀጥ ሲሆን በሾርባ ውስጥ ሰጥሞ ይቀርባል። እጅ መታጠቢያ ሳህን ይሰጥዎታል፤ በቀኝ እጅ ትንሽ ቆርሰው ሾርባውን አስነክተው ይውጡት፤ አይታኘክም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበላ ሰው የኦቾሎኒ ሾርባ ቢያዝዝ ይስማማዋል። ላይት ሱፕ የሚባለው ቀጭኑ ሾርባ ቃሪያው ይበዛል፤ እኛን ግን አያስቸግረንም።

ጾም ለያዘ ሰው ነገሩ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ የደረቀ ዓሣና ሽሪምፕ በብዙ ወጥ ውስጥ ይገባልና። ዋቼ (ሩዝና ቦሎቄ መሰል ጥራጥሬ አብሮ የተቀቀለ) ያለ እንቁላል፣ ያለ ሥጋና ያለ ሺቶ ይዘዙ፤ ሺቶው ጥቁሩ የቃሪያ ድልህ ነው፤ ዓሣ አለበት። ሌላው ጥሩ አማራጭ ጎቤ ነው፦ ያው የተቀቀለ ጥራጥሬ በፓልም ዘይት፣ ተፍቆ የተቆላ ካሳቫ ተነስንሶበት፣ ከተጠበሰ ፕላንቴይን ጋር። ያጠግባል፣ ርካሽ ነው፣ በማለዳም ይገኛል። መንገድ ዳር የተጠበሰ ፕላንቴይን በኦቾሎኒም አለ።

ቢታመሙ፣ ሲመለሱም

ሲመሽ ረጅም እጅጌ ይልበሱ፤ አጎበሩን ፍራሹ ሥር አጥብቀው ይወትፉ። ትኩሳት ከመጣ ሌሊቱን አይጠብቁ፤ ከተማዋ ውስጥ ሆሊ ፋሚሊ የተባለው የካቶሊክ ሆስፒታል አለ፤ የወባ ምርመራ ያስደርጉ። የራስዎን ግምት ይዘው ከመድኃኒት ቤት ክኒን አይግዙ።

አዲስ አበባ ከገቡ በኋላም፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ከባድ ራስ ምታት ከተሰማዎት በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ። ሐኪሙ ሳይጠይቅዎ በፊት ከጋና እንደመጡ፣ መቼ እንደተመለሱና የትኛውን የመከላከያ መድኃኒት እንደወሰዱ ይንገሩት፤ የደም ምርመራው በዚያው ሰዓት እንዲታዘዝም ይጠይቁ።