ለጀማሪዋ ዳታ ኢንኮደር

ልጄ፣ ከሚሴ ላይ ወረዳ ፋይናንስ ዳታ ኢንኮደር ሆነሽ መቀጠርሽን ስሰማ ደስ አለኝ። ኮምፒውተሩን እናንተ ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ስለ እሱ አልነግርሽም። የምነግርሽ ጠረጴዛሽ ላይ ስለሚከመረው ወረቀት ነው። የትኛው ወረቀት ከየት እንደመጣና ለምን እንደሚታመን ካልለየሽ፣ የእጅሽ ፍጥነት ስህተቱን ቶሎ ከማብዛት በቀር ፋይዳ የለውም።

1. መጀመሪያ ምንጩን ለዪ። ጉዳዩ በተፈጸመበት ቦታና ጊዜ የተጻፈው ወረቀት ምንጭ ሰነድ ነው። ዕቃ ግምጃ ቤት ሲገባ የሚቆረጠው ሞዴል 19፣ ዕቃው ሲወጣ የሚቆረጠው ሞዴል 22፣ ጤና ጣቢያ ታካሚው ፊት የሚሞላው ካርድ፣ ቀበሌ ላይ የሚሞላው የልደት መዝገብ እንዲህ ያሉ ናቸው። ከእነዚህ ተቀድቶ በኤክሴል የተዘጋጀ ዝርዝር፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ምንጭ አይደለም። አንድ ባለሙያ መጥቶ «ዝርዝሩን አስገቢልኝ፣ ቫውቸሩን ነገ አመጣለሁ» ቢልሽ በአክብሮት መልሺው። ታላቅሽም ቢሆን መልሺው።

2. እንደ ሞዴል 19 ያሉ ሰነዶች የሚቆረጡበትን ፓድ ተከታታይ ቁጥር ተከታተዪ። የተበላሸ ቅጠል ተቀዶ አይጣልም፤ «ተሰርዟል» ተብሎበት ከነኮፒው ፓዱ ላይ ይቀራል። ከ0451 ወደ 0453 የዘለለ ነገር ካየሽ 0452 የት እንደገባ ሳታውቂ አትለፊ።

3. ሄዶ የሚመለሰውን ወረቀት በተለየ ጥንቃቄ ያዢ። ኮምፒውተር አትሞ ያወጣው፣ ሰው በእጁ ሞልቶበት ተመልሶ ወደ ኮምፒውተር የሚገባ ሰነድ አለ። ይህን ለመረዳት ከሴፍቲኔት የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። ፕሮግራሙ በ1997 ከተጀመረ ወዲህ በእኛም ዞን እንደ ባቲ ባሉ ወረዳዎች ስንት ቤተሰብ ቀለብ ያገኘው በዚህ ወረቀት ነው። በቀበሌ የተለየው የተጠቃሚዎች ስም ለዚሁ ወደተዘጋጀው ሶፍትዌር ይገባል። ሶፍትዌሩ ስማቸው የሰፈረበት አቴንዳንስ ያትማል። አቴንዳንሱ ተጠቃሚዎቹ ለድጋፉ እርከን ወደሚሠሩበት ተራራ ይሄድና ፎርማኑ የተሠራውን ቀን ይሞላበታል፤ በፕሮግራሙ መመሪያ የሚታሰበው ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን ነው። ሲመለስ ታስገቢዋለሽ፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ ፔሮሉን ያወጣል። ክፍያው በእጅ ከሆነ ተጠቃሚው ፔሮሉ ላይ ይፈርማል ወይም አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ ያትማል፤ ያ የተፈረመበት ፔሮል በበኩሉ ለሂሳብ ማወራረጃው ምንጭ ይሆናል።

አቴንዳንሱ እጅሽ ሲገባ አራት ቦታ ተጣጥፎ፣ ጠርዙ አፈር ጠጥቶ ነው የምታገኚው። አንዳንዴ ከስሙ ጎን በእስክሪብቶ «አርፋለች» ወይም «ወልዳለች» ተብሎ ተጽፎበታል። ለዚያ ጽሑፍ የሚሆን ሳጥን ስክሪኑ ላይ የለም። ሳጥን የለውም ብለሽ ግን አትለፊው። ለብቻው መዝግበሽ ለሚመለከተው ሰው በዚያው ቀን አድርሺ። የወለደች እናት ለተወሰነ ጊዜ ከሥራ ነፃ ሆና የመደገፍ መብት አላት፤ አንቺ ዝም ካልሽ ግን ወረቀቱ «ቀረች» ይላታል።

4. ስም አታርሚ። የዞናችን መሥሪያ ቤቶች በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ይጽፋሉ፤ ከክልሉ መቀመጫ ከባሕር ዳር የሚመጣው ደብዳቤ ደግሞ በአማርኛ ነው። በዚህ መካከል አንዱ ሰው መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ መሀመድ እየተባለ ይመዘገባል፤ ለእኛ አንድ ሰው ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት። በተቃራኒው ደግሞ በአንድ ቀበሌ ከነአያታቸው ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ታገኛለሽ። ስለዚህ ስሙን በመታወቂያው ላይ እንዳለው ጻፊ፤ ሰውን ከሰው የምትለዪው ግን በቁጥር ይሁን። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ 1284/2015 ከወጣ ወዲህ ባለ 12 አሃዙ የፋይዳ ቁጥር ለዚህ ትልቅ እረፍት ነው። ሌላም አደራ፦ የሰው መታወቂያ በግል ስልክሽ ፎቶ አንስተሽ አታስቀሪ።

5. ቀን ላይ አትቸኩዪ። ሶፍትዌሩ በፈረንጅ አቆጣጠር የተሠራ ከሆነ የካቲትን ፌብሩዋሪ አድርገሽ 30 ብለሽ ስትጽፊ አይቀበልም። ብዙ ሰው እንዲያልፍለት ብሎ 28 ብሎ ያስገባል፤ ይህ ሐሰት ነው። የካቲት 30 ማርች 9 ነው፤ ለውጠሽ አስገቢ። ጳጉሜንም እንደዚሁ። ወረቀቱ ላይ ያለውን የኛን ቀን ግን ሳትነኪ ተዪው።

6. ሳታስገቢ ቁጠሪ። አንድ እሽግ ሲመጣልሽ ቅጠሉን ቆጥረሽ፣ ብሩን በካልኩሌተር ደምረሽ ሁለቱንም ሽፋኑ ላይ ጻፊ። አስገብተሽ ስትጨርሺ የኮምፒውተሩን ድምር ከሽፋኑ ጋር አስተያዪ። ሳይገጥም ወደሚቀጥለው እሽግ አትሂጂ።

7. ማሽን በቀጥታ የሚያነበው ሰነድም አለ፤ በእርሳስ የሚጠቆር የፈተና መልስ መስጫና የፋይዳ ካርድ ላይ ያለው ኪውአር ኮድ ከዚሁ ወገን ናቸው። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ሄርማን ሆለሪዝ እ.ኤ.አ. በ1890 የአሜሪካን ሕዝብ ቆጠራ በተበሳ ካርድ በማሽን አስቆጥሯል። በኛም አገር በ2011 ሊደረግ ታስቦ የተራዘመው ቆጠራ በታብሌት እንዲሆን ነበር የታቀደው። እንዲህ ባለው ሥራ መሐል ላይ የሚያይ ዓይን ስለሌለ ጥንቃቄው ሁሉ የሚሞላው ሰው ላይ ነው።

8. ከኮምፒውተር የወጣ ሪፖርት ማስረጃ አይምሰልሽ። ኃላፊ የሚያነበው፣ ለዞን የሚላከው እሱ ቢሆንም፣ ኦዲተር ሲመጣ የሚጠይቅሽ ከሥሩ ያለውን ቫውቸር ነው። ስለዚህ ያስገባሽበትን የሰነድ ቁጥር ሁልጊዜ አብረሽ አስገቢ፤ ቦክስ ፋይሉንም በወርና በቁጥር ተራ አስቀምጪ።

9. በ2014 የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴም ደርሶ ነበር። በወሎና በሰሜን ሸዋ ስንቱ መሥሪያ ቤት ተዘርፎ ኮምፒውተሩ ተወሰደ፣ መዝገቡ መሬት ላይ ተበተነ። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ የሚተርፈው ሌላ ቦታ የተቀመጠው ኮፒ ብቻ ነው። ባክአፑን በሃርድ ዲስክ ወስደሽ ያው ክፍል ውስጥ ያለ መሳቢያ ውስጥ ብትቆልፊው ምንም አልሠራሽም፤ ሌላ ሕንፃ ይግባ። የቫውቸሮቹ ካርቦን ኮፒዎችም የትኛው የት ቢሮ እንደሚቀመጥ በዚህ ሳምንት ጠይቂ። የሚያውቅ ሰው ካጣሽ ለሂሳብ ክፍል ኃላፊው በጽሑፍ አሳውቂ፤ የደብዳቤውን ቀሪ ደግሞ አስፈርመሽ ያዢ።